የአባት ምላስ የቤት ሥራ አይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ 22 ዓመት ሞላኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እስኪፈላ አነባለሁ እንጂ እስከ ዛሬ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን ብዕር ያነሳሁት የራሴን ጥፋት ለመናገር ነው። ጥፋቱ በእኔ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ለነፍስ አባቴ ነግሬ ዝም እል ነበር። ግን እኔም ከመምህሬ የወረስኩት ነው፤ መምህሬም ከመምህሩ። የዘር ውርስ ምዕራፍ በተጀመረ ቁጥር በሆነ ከተማ አንድ ባልደረባዬ ይህንኑ እየደገመ ሊሆን እንደሚችል ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

በ2015 ዓ.ም. ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ደብተራቸው ላይ ሠንጠረዥ እንዲያሰምሩ፣ በአንድ ወገን አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት ብለው እንዲጽፉ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ምላስ እንደ ቧንቧ ይጠቀለል እንደሆነ፣ የጆሮው ጫፍ ተንጠልጥሎ ወይም ከጉንጭ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ እንዲመዘግቡ ነገርኳቸው። ሕጉን አስቀድሜ በሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ። ምላስ መጠቅለል በአንድ ዘረመል የሚወሰን፣ ጎልቶ የሚወጣ፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ ባሕርይ ነው፤ ስለዚህ መጠቅለል ከማይችሉ ሁለት ወላጆች የሚጠቀልል ልጅ አይወለድም። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሰኞ ዕለት ከመስኮቱ ዳር የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ሠንጠረዧን ልታሳየን ወጣች። ጠመኔ ይዛ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ጻፈች። አባት፦ አይጠቀልልም። እናት፦ አትጠቀልልም። ታናሽ ወንድም፦ አይጠቀልልም። ራሷ፦ ትጠቀልላለች። ጠመኔውን ገና ሳታስቀምጥ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ «ታዲያ የእሷ አባት ማን ነው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጠረጴዛውን መታሁና «ጸጥ በሉ! ከሕግ የሚያፈነግጥ አይጠፋም» ብዬ ሌላ ተማሪ ጠራሁ። ልጅቷ ቦታዋ ተመልሳ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታዞር አይቻታለሁ። አይቼም ማስተማሬን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት አባቷ መጡ። ቀጠን ያሉ፣ ጋቢ የደረቡ ሰው ናቸው፤ ጫማቸው ላይ የዶሮ ላባ ተለጥፏል። ወንበር ብስብላቸው እንቢ አሉ።

«መምህርት፣ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረበችም። እሑድ ማታ ‹አባዬ ምላስህን አውጣ› አለችኝ፣ አወጣሁ። ‹ጠቅልለው› አለችኝ። ምላስ እንዴት ይጠቀለላል? ሳቅን። እናቷም ሞከረች፣ አቃታት፤ እሷም ሳቀች። ሰኞ ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ግን ሌላ ልጅ ናት። እናቷን ጓዳ አስገብታ ‹እውነቱን ንገሪኝ› አለቻት።»

ይህን ብለው ምላሳቸውን አወጡ። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ባልደረቦቼ ቆመው እያዩ፣ አንድ የ50 ዓመት ጎልማሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ምላሳቸውን ሊጠቀልሉ ታገሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። አልሆነላቸውም። «ይኸው» አሉኝ። እኔ በዕድሜዬ የዚያን ቀን ያህል አፍሬ አላውቅም።

«ሁልጊዜ ላይሠራ ይችላል፣ አንዳንድ ጊዜ…» እያልኩ መንተባተብ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«እኔ ዶሮ ነጋዴ ነኝ። ከመራዊም ከአዴትም ዶሮ አመጣለሁ። ከመላጣ አውራና ከመላጣ ዶሮ ላባው የሞላ ጫጩት ሲፈለፈል ስንቴ አይቻለሁ! ዶሮይቱን ግን ማንም ጠርጥሯት አያውቅም።»

ለሙያ ባልደረቦቼ ስል እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ምሳሌያቸው በደንብ አልገጠመም። አንገተ መላጣነት ጎልቶ የሚወጣ ባሕርይ ስለሆነ ከሁለት መላጣዎች ላባማ ጫጩት ቢወጣ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል፤ እኔ በሰሌዳ ላይ የከለከልኩት የዚያን ተገላቢጦሽ ነበር። ይህን በልቤ አሰብኩት እንጂ አልተናገርኩትም። ሰውየው የመጡት ስለ ዘረመል ሊከራከሩኝ ሳይሆን ልጃቸውን እንድመልስላቸው ነው። በዚያ ላይ፣ ቀጥሎ እንደምነግራችሁ፣ ምሳሌው ባይገጥምም ፍርዱ የእሳቸው ነበር።

ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ሥሩን መፈለግ ያዝኩ። ምላስ መጠቅለል በዘር ይወረሳል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1940 የጻፈው አሜሪካዊው አልፍሬድ ስተርተቫንት ነው። ስተርተቫንት ደግሞ ዝም ብሎ የሚታለፍ ስም አይደለም፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ የፍራፍሬ ዝንብ ዘረመሎች በክሮሞዞም ላይ የተደረደሩበትን ቅደም ተከተል አስልቶ፣ በ1913 የዓለምን የመጀመሪያ የዘረመል ካርታ ያሳተመ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን ማን ይጠራጠራል? በ1952 ግን ማትሎክ የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ጽንስ የተከፈሉ፣ ዘረመላቸው አንድ የሆነ 33 ጥንድ መንትዮችን ምላስ አየ። በ7ቱ ጥንዶች አንደኛው ይጠቀልላል፣ ሌላው አይችልም። ዘረመሉ አንድ ሆኖ ምላሱ ከተለያየ፣ ነገሩ በአንድ ዘረመል የሚወሰን አይደለም ማለት ነው። ስተርተቫንትም ነገሩን ሸፋፍኖ አላለፈውም። በ1965 ባሳተመው የዘረመል ሳይንስ ታሪክ ላይ፣ ይህ ጉዳይ ዛሬም በአንዳንድ ጽሑፎች እንደ ተረጋገጠ የሜንዴል ሕግ፣ ማለትም በአተር ላይ የተደረሰበት የዘር ውርስ ሕግ ምሳሌ ሲቀርብ ማየቱ እንደሚያሳፍረው ጻፈ። ባለቤቱ ካፈረበት ይኸው 60 ዓመት ገደማ ሆነው። እኔ ባሕር ዳር ላይ በጠመኔ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

የጆሮውም ነገር ከዚህ አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መርምሮ በጆሮ ጫፍ ቅርጽ ላይ እጃቸው ያለበት 49 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል። አርባ ዘጠኝ! እኔ አንድ ብዬ ነው የማስተምረው። ደግሞ ለዚህ የግድ ጥናት አያስፈልግም ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ የተማሪዎቼን ጆሮ ወንበር ለወንበር እየዞርኩ አየሁ። የተንጠለጠለ አለ፣ የተጣበቀ አለ፣ ከግማሽ በላዩ ግን የትኛው እንደሆነ መናገር የማይቻል ነው። ያን ሁሉ ዓመት በዚህ ሁሉ ጆሮ ፊት ቆሜ ሁለት ዓይነት ብቻ እንዳለ አስተምሬያለሁ። በዚያው ሳምንት ምላስ መጠቅለል አቅቷቸው የነበሩ ሁለት ልጆች ተለማምደው ቻሉና ለመላው ክፍል አሳዩ።

የጻፍኩት ስሕተት መሆኑን በዚያው ክፍለ ጊዜ ነገርኳቸው። የስተርተቫንትን ታሪክ፣ የመንትዮቹን ታሪክ ተረክሁላቸው። ያ ከኋላ ወንበር የጮኸው ልጅ አንገቱን ደፋ። ያቺ ተማሪ ግን እጇን አወጣች። «መምህርት፣ ታዲያ ፈተና ላይ ቢመጣ የትኛውን እንመልስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እስከ ዛሬም አላገኘሁላትም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም መልሱ ከእኔ እጅ ስላልሆነ ነው። መማሪያና አጋዥ መጻሕፍት የምታዘጋጁ፣ ፈተና የምታወጡ ወገኖች፣ ምላስና ጆሮ በየትኛውም ገጻችሁ ላይ ካለ አውጡልን።

ለመምህራን ደግሞ የምለው ከዚህ ይሰፋል። ሳይንሱ ልክ ቢሆንስ? የደም ዓይነትን እንውሰድ። ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የለያቸው ኤ፣ ቢ እና ኦ የሜንዴልን ሕግ በደንብ ያከብራሉ። ኤቢ የሆነ አባት ኦ የሆነ ልጅ እንደማይወልድ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፤ ማስተማርም አለብኝ። ነገር ግን በ1952 ቦምቤይ ላይ ሐኪሞች ያገኙትን ሰምታችኋል? ኤ ወይም ቢ የሚያደርገውን ዘረመል ተሸክመው ሳለ፣ ሌላ ዘረመል ስለጎደላቸው ብቻ በተለመደው ምርመራ ኦ የሚመስሉ ሰዎች አሉ። እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። ከእነዚያ ይልቅ የሚበዛው ደግሞ በችኮላ ተመርምሮ በወረቀት ቁራጭ ላይ በስሕተት የተጻፈ የደም ዓይነት ነው። አንድ የ18 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ በእኔ የቤት ሥራ ሰበብ የእናቱን ታማኝነት ሊመረምር አይገባውም። ወረቀቱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ያ ምስጢር የሚወጣበት ቦታ የእኔ ሰሌዳ አይደለም።

ደግሞ ሠንጠረዡን መሙላት የማይችሉ አሉ። ከዚያ ከሰኞው ክምር ውስጥ ሌላ ደብተር አግኝቻለሁ። ልጁ ከቀዬው ተፈናቅሎ መጥቶ አጎቱ ቤት የሚኖር ነው። «አባት» ከሚለው ትይዩ በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር አስምሯል። «እናት» ከሚለውም ትይዩ እንደዚያው። ከታች «አጎት፦ ይጠቀልላል» ብሎ በጥንቃቄ ጽፏል። ከ10 ስንት ልስጠው?

ወደ ዶሮዎቹ ልመለስ። እኚያ አባት ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ ልጃቸው ከማዕድ ተመልሳ፣ እግሩ የታሰረ አንገተ መላጣ አውራ በግራ እጃቸው አንጠልጥለው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ። «ከሰው ምላስ ይልቅ ይህን ቁጠሩበት» አሉኝ። ዋጋውን ልስጥ ብል «ለልጄ ትምህርት ነው» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ከዚያ ወዲህ የዘር ውርስን የማስተምረው በግቢዬ ነው። አውራው አንገቱ መላጣ ሆኖ ከጉሮሮው በታች፣ ከደረቱ በላይ፣ እንደ ተሰፋች ቁልፍ የምታህል የላባ ጉንጉን ነበረችው። ከአንዲት ገብስማና ከአንዲት ቀይ ዶሮ ጋር አስቀመጥኩት። ገብስማዋ ታቀፈች፤ በ21ኛው ቀን 9 ጫጩት ፈለፈለች። የዚህ ባሕርይ ደስ የሚለው ነገር ጫጩቱ ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ አንገቱ ራቁቱን ስለሚታይ ወራት መጠበቅ አያስፈልግም። 5 መላጣ፣ 4 ላባማ። ተማሪዎቼ አውራው አንድ የመላጣ፣ አንድ የላባማ ዘረመል መያዙን ከዚህ ብቻ ተነስተው ደረሱበት። ያቺ የአንገቱ የላባ ጉንጉን ምስክር ናት፤ ሁለቱም ዘረመሎቹ የመላጣ የሆኑ ዶሮዎች አንገታቸው ከሞላ ጎደል ባዶ ነው፣ ከሁለቱ አንድ አንድ የያዙት ግን ያቺ ጉንጉን ትቀርላቸዋለች። ዘረመሉ እዚያው አንገት ላይ እየታየ «ጎልቶ የሚወጣ» የሚለው ቃል ራሱ ምን ያህል ደፋር ቃል እንደሆነ ይገባቸዋል።

ከእነዚያ መላጣ ጫጩቶች አንድ አውራና ሁለት ቄብ አሳደግን። የአገር ዶሮ ለእንቁላል እስኪደርስ ወራት ይፈጃል፤ እስከዚያ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ፈተናቸውን ወስደው ተበተኑ። መዝገቡን የተረከቡት ቀጣዮቹ የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ሁለቱ ቄቦች በየተራ ታቅፈው 17 ጫጩት አስገኙ፦ 3 ሙሉ መላጣ፣ 10 ባለ ጉንጉን፣ 4 ላባማ። መጽሐፉ የሚለው አንድ ለሁለት ለአንድ ነው፤ መላጣዎቹን ሁሉ አንድ ላይ ብንቆጥር ሦስት ለአንድ። አንዱ ልጅ «ሜንዴል ዋሽቷል» አለ። ከዚህ የተሻለ ትምህርት መክፈቻ ከየት ይመጣል? ብርኖ ከተማ በገዳም ግቢ ውስጥ አተር የዘራውን መነኩሴ ቁጥሮች ጻፍኩላቸው። 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደደ። አካፍሉ አልኳቸው፤ 2.96 መጣ። ሜንዴልም ልክ ሦስት አላገኘም፤ ግን 7,324 ፍሬ ቆጥሯል። በ17 ጫጩት ቢያቆም ኖሮ ምን ያውቅ ነበር? ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1865 ሲናገር ሰሚ አላገኘም፤ በ1884 ሞተ፤ ሥራው ከመደርደሪያ የወጣው በ1900 ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከፍርግርጉ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ብቻ ይንጫጫሉ።

ከዚያ የገበያውን ነገር ያቺ ተማሪ አባቷን አስጠይቃ ያመጣችው ማስታወሻ አለ፤ ከእኔ የማስተማሪያ ማስታወሻ ይልቅ ስለምወደው እስከ አሁን እጠቀምበታለሁ። ቀይና ገብስማ ለዓመት በዓል ይፈለጋል። ጥቁር ገዥ ይሸሸዋል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነ አውራ ከነጠላው ይልቅ ዋጋ ያወጣል። አንገተ መላጣ ደጋ ላይ ይናቃል፣ ቆላ ላይ ግን ሙቀት ስለሚችል ይፈለጋል። ከነጋዴው ቤት ዘሩ የሚቀጥለው የትኛው ነው? ዳርዊን በ1859 ሐሳቡን ሲያስተዋውቅ ከርግብ አርቢዎች የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው በምርጫው በጥቂት ትውልድ ይህን ሁሉ ከለወጠ፣ ሙቀትና በሽታ በብዙ ሺህ ትውልድ ምን ያደርጉ? የዶሮ አናት ላይ ያለው ሥጋ ደግሞ ለዘረመል ሳይንስ ባዕድ አይደለም። «ጄኔቲክስ» የሚለውን ስም ያወጣው እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን የሜንዴል ሕግ ለእንስሳም እንደሚሠራ ካሳዩ ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የሆነው በዚሁ በዶሮ አናት ነው።

ከዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ስንደርስ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። «መምህርት፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ነው የሚሉት?» ብዙዎቹ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን የምስም ሴት ነኝ፤ ጥያቄው ያስፈራቸዋል። ድንቅነሽን እጅግ እወዳታለሁ፤ ግን በእሷ አልጀምርም። ቅዳሜ ጠዋት ጣና ሐይቅ ዳር አወርዳቸዋለሁ።

ዓሣ አስጋሪዎቹ ከታንኳና ከጀልባ ያወረዱትን ላስቲክ ላይ ይዘረግፉታል። ቀረሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ፣ ነጭ ዓሣው ለብቻ። ከነጭ ዓሣው ክምር ስምንት ዘጠኝ እንመርጥና ራስ ለራስ እናስተያያለን። የአንዱ አፍ ወደ ታች የተገለበጠ፣ ከወለል ጭቃ የሚለቅም ነው። የሌላው ወደ ላይ የተከፈተ ነው። የሦስተኛው አፉ እስከ ዓይኑ ድረስ የተሰነጠቀ፣ መንጋጋው የወጣ ነው። አንዲት ተማሪ ጣቷን አስገብታ ጥርስ ፈልጋ አጣች። መንጋጋ ላይ ጥርስ የለም፣ ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ወገኑ እንደዚያ ነው። ጥርስ የሌለው ወገን ሆኖ ሳለ ግን ከጣና ነጭ ዓሣዎች ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ።

በዚህ ከ14 ሜትር ብዙም በማይጠልቅ ሐይቅ ውስጥ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ጥቂቶቹን ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ እስከ ዛሬ «ጎርጓሪ» ይባላል። እኔ ይህ ላቲን አይመስለኝም፤ የትኛው የጣና ዳር ሰው ነግሮት ይሆን? በ1973 ደግሞ ሌላ ሊቅ መጣና ሁሉንም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ናገልኬርኬና ሲቢንግ የሚባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እንደገና አፋቸውን፣ ምግባቸውን፣ የሚውሉበትን ጥልቀት ለክተው ለዩዋቸው። ይህን ስነግራቸው እዚያው መረቡን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት «እኛ በአፉ ነው የምንለየው» ብለው ሳቁ።

እንዴት ተለያዩ? እዚህ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ይጨቃጨቃሉ፣ እኔ አፌን እይዛለሁ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያሳልፍም፤ ሐይቁ የተዘጋ ነው። ከወለሉ የተቆፈረው ደለል እንደሚያሳየው ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ደርቆ ነበር፤ ዛሬ የሚዋኙበትን ሰፊ ውኃ ያገኙት ከዚያ ወዲህ ነው። ክረምት ሲመጣ ገሚሶቹ ዝርያዎች ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ ሌሎቹ ከሐይቁ አይወጡም። በአንድ ሐይቅ እየኖሩ አይጋቡም። ያኔ «ማን ከማን መጣ» የሚለው ቀርቶ «በምን ተለያዩ» ይጀመራል፤ ከሐይቁ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥም አያልቅም። ስለ ድንቅነሽ የምናወራው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ በዚያን ጊዜ ማንም አይፈራም። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ እነዚህን ዓሣዎች እንቁላል ሳይጥሉ እየጨረሰ መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም፤ የማስተምርበትን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየቀደዱብኝ ነው።

ዶሮ ማርባት የማይችል፣ ሐይቅ የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። አተር ግን የትም ይበቅላል፤ የገበያ ዶሮ በየትም ከተማ ይሸጣል። ነጋዴውን አስፈቅዶ በአንድ የገበያ ጠዋት መቶ ዶሮ መቁጠር ይቻላል። እናቱን የሚጠራጠር ልጅ ከዚህ አይወጣም።

ዘንድሮ ሦስተኛው ዙር ላይ ነን። ያለፈው እሑድ ማታ 8 ጫጩት ተፈልፍሎ አደረ። ሰኞ ተማሪዎቹ መዝገባቸውን ይዘው ሲመጡ 7 ሆነዋል፤ አንዱን ድመት ወስዶታል፤ አንገቱ ምን ዓይነት እንደነበር ያየ የለም። አንደኛው ወገን «7 ብለን እንጻፍ» ይላል፤ ሌላው «8 ብለን አንዱን አልታወቀም እንበል» ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ድመት መላጣውን ከላባማው አስበልጦ ይወድ እንደሆነ ሳናውቅ ሁለቱንም መጻፍ አንችልም ባይ ነው። ይህን ደብዳቤ እስከምልክ ድረስ አልተስማሙም።

ከሰላምታ ጋር፣
የባዮሎጂ መምህርት
ባሕር ዳር